የተመራቂ ተማሪ የ16 ሳምንት ዕቅድ፦ ከሰዓት ቆጠራ እስከ ክሊራንስ

ሳምንት 0 (ከየካቲት 9 እስከ 15፣ 2018)

ዕቅዱ የሚሠራው ለአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመራቂ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ዶርም ነዋሪ፣ 4ኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር። ጭነቱ እያንዳንዳቸው 5 ኢሲቲኤስ (የትምህርት ጭነት መለኪያ) የሆኑ 4 ኮርሶችና 6 ኢሲቲኤስ የመመረቂያ ጥናት፣ ድምር 26። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከትምህርቱ ውጪ የሰፈሩት ግቦች፦ የመውጫ ፈተና ማለፍ፣ ሲጂፒኤን (አጠቃላይ አማካይ ውጤትን) 3.00 ማድረስ፣ ፒችትሪ (የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር) መልመድ፣ ሳይመረቁ ሥራ ማመልከት መጀመር፣ ስፖርት፣ እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ መንጃ ፈቃድ፣ ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ መሄድ።

ግብ ከመምረጥ በፊት ሰዓት ይቆጠራል። በሞጁሎቹ ላይ እንደሚታየው የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ 135 ሰዓት ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ማለት ነው። 26 × 27 = 702 ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 43.9። ይህ ክፍል መግባትን፣ አሳይመንትን፣ ንባብንና ጥናቱን በሙሉ ያጠቃልላል።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። እንቅልፍ በቀን 7 ሰዓት ተኩል፣ 52.5። ምግብ፣ ልብስ ማጠብ፣ የውኃና የካፌ ሰልፍ በቀን 3 ሰዓት፣ 21። ጸሎት፣ ስልክ፣ ወዳጅ ዘመድ 10። ትምህርት 43.9። የሚተርፈው 40.6 ሰዓት ነው። ይህን እንዳለ ማቀድ ግን አይቻልም፤ መብራት ይጠፋል፣ ላይብረሪ ይሞላል፣ መምህር የቀረውን ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ ያካክሳል። 70 በመቶው ብቻ ተወሰደ፦ 28.4 ሰዓት። ከዚህ በላይ የጫነ ዕቅድ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ተማሪው ዕቅዱን ማየት ራሱ ያስጠላዋል።

ክፍፍሉ፦ የመውጫ ፈተና 14፣ ፒችትሪ 5፣ ሥራ ማመልከቻና ሲቪ 3፣ ስፖርት 3። ድምር 25፤ የተረፈው 3.4 ባዶ ተትቷል። መንጃ ፈቃድ ወደ ክረምት ተላለፈ። እንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ግብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ማመልከቻ ደብዳቤና ወደ ጥናቱ ጽሑፍ ገባ።

ሲጂፒኤ ላይ ረዘም ያለ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ብዙ ተመራቂ ጉልበቱን የሚያፈሰው እዚህ ነው። እስካሁን 214 ኢሲቲኤስ በ2.85 ተጠናቋል፤ ጠቅላላው 240 ነው። 3.00 ለመድረስ (3.00 × 240 − 2.85 × 214) ÷ 26 = 4.23 ያስፈልጋል። ጣሪያው ግን 4.00 ነው። ሁሉንም ኮርስ ኤ ቢያመጣ እንኳ የሚደርሰው 2.97 ላይ ነው። በ3.3 ቢጨርስ ደግሞ 2.90 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.07 ገደማ ነው። 3.00 የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ሁለቱንም አይቀበልም፣ 2.75 የሚጠይቀው ሁለቱንም ይቀበላል። ስለዚህ ግቡ «ከቢ በታች የሆነ ኮርስ እንዳይኖር» በሚል ተተካ፣ የተረፈው ጉልበት ወደ መውጫ ፈተና ዞረ። መነሻው 2.90 ቢሆን ኖሮ የሚፈለገው 3.82 ስለሚሆን ውሳኔው ሌላ በሆነ ነበር። ይህን ስሌት በመጀመሪያው ሳምንት መሥራት 10 ደቂቃ አይፈጅም።

የመውጫ ፈተናው ቅድሚያ የሚያገኘው ካላለፉት ዲግሪው ስለማይሰጥ ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ምርጫ ጥያቄ፣ በኮምፒውተር። ሲጂፒኤ 3.8 ያለውም ሆነ 2.1 ያለው በአንድ በር ነው የሚያልፉት።

ሳምንት 1 (የካቲት 16)

የዕቅዱ ሉህ በኤክሴል ተከፈተ። ዓምዶቹ፦ ሳምንት፣ ሥራ፣ የታሰበ ሰዓት፣ የወሰደ ሰዓት፣ በማን እጅ፣ የመጨረሻ ቀን። አምስተኛው ዓምድ መጀመሪያ አልነበረም፤ ዕቅዱን ያዳነው ግን እሱ ነው። ወደ ኋላ የሚቀሩት ሥራዎች ሲታዩ አብዛኞቹ ተማሪው ራሱ ያልሠራቸው አይደሉም፤ አማካሪ፣ ሬጅስትራር፣ ድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ቢሮ ወይም መጠይቅ የሚሞላ ሠራተኛ ዘንድ የተቀመጡ ናቸው። በራስ እጅ ያለ ሥራ ሌሊት ተቸክሎም ያልቃል፤ በሰው እጅ ያለ ግን ቢቸክሉትም አይሄድም።

ኤክሴል ላይ የሚያጋጥመው ችግር ቀኑ ነው። 23/6/2018 ብሎ የአድዋን ቀን የጻፈ ሰው ኤክሴሉ ሰኔ መሆኑን ገምቶ፣ ያውም የፈረንጆቹን 2018፣ ያስቀምጥለታል። በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ሉሁ ይተራመሳል፤ በጣም የሚከፋው ደግሞ 30/2/2018 እና 5/13/2018 ዓይነቶቹን እንደ ተራ ጽሑፍ መተዉ ነው፣ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። መፍትሔ፦ የኢትዮጵያ ቀን የሚጻፍበት ዓምድ ፎርማቱ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ይደረግ፣ ድርድሩ በሳምንት ቁጥር (ከ1 እስከ 16) ይሁን። የፈረንጅ ቀን የሚያስፈልገው ኦንላይን ለሚመዘገቡ ነገሮች ብቻ ነው፤ እሱ በሌላ ዓምድ። ሰዓትም እንዲሁ፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ አይተው ስልካቸው ላይ 8 ብለው አላርም የሚሞሉ አሉ። ሉሁ ላይ ሁሉም በአበሻ ሰዓት ተጽፏል፣ አላርም ሲሞላ ብቻ 6 ይደመራል ወይም ይቀነሳል።

በዓላቱ ገቡ። አድዋ የካቲት 23 ሰኞ፤ ስቅለት ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4፤ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23 ዓርብ፤ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ማክሰኞ። ዒድ አልፈጥር መጋቢት 11 ገደማ፣ ዒድ አልአድሐ ግንቦት 19 ገደማ። ዘንድሮ ዐቢይ ፆምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት፤ እስከ መጋቢት አጋማሽ የዶርሙ ግማሽ እስከ 9 ሰዓት፣ ሌላው ግማሽ እስከ ማታ 12 ሰዓት ተኩል አይበላም። ሒሳብ የሚበዛበት ንባብ (ኮስት፣ አድቫንስድ) ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ተደረገ። ከሰዓት ለመጻፍ፣ ዳታ ለማስገባት፣ ለማስታወሻ። ረመዳንን የሚፆም ሰው ከሱሑር በኋላ ያለውን ጸጥታ ቢጠቀምበት ይሻላል፤ ከኢፍጣር በኋላ ሦስት ሰዓት አነባለሁ ብሎ ማቀድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

ሳምንት 2 (የካቲት 23)

አንድ ቀን ያጠረ ሳምንት። የጥናቱ ርዕስ የሚወሰንበት ነው፤ በዚህ ሳምንት የተወሰነው ነገር የሚያዝያንና የግንቦትን ወር ይወስናል።

የመጀመሪያው ሐሳብ፦ በአንድ ከተማ ፋይናንስ ቢሮዎች ውስጥ ስላለው የውስጥ ቁጥጥር መጠይቅ መበተን። የሠራተኛው ቁጥር 240 ነው። በተለመደው የያማኔ የናሙና መጠን ቀመር (0.05 የስህተት መጠኑ ነው)፣ 240 ÷ (1 + 240 × 0.05²) = 150። መጠይቅ ሁሉ ስለማይመለስ፣ 80 በመቶ ይመለሳል ቢባል 188 ቅጂ መበተን አለበት። በ4 ገጽ 752 ገጽ፤ በካምፓሱ በር ላይ ባለው የ5 ብር ሒሳብ 3,760 ብር። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ይቻላል። ሰንሰለቱ ግን ይህን ይመስላል፦ ዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቢሮው ይቀበላል፣ ኃላፊው ይመራል፣ ሠራተኛው ይሞላል፣ ተማሪው ይሰበስባል። አምስት እጅ። የስህተት መጠኑ ወደ 0.1 ቢላላ ናሙናው ወደ 71 ይወርዳል፤ አምስቱ እጆች ግን ያው አምስት ናቸው።

ሁለተኛው ሐሳብ፦ የ8 የግል ባንኮችን የ10 ዓመት ሪፖርት ወስዶ ትርፋማነትን የሚወስኑ ምክንያቶችን ማየት። 80 ምልከታ። ርዕሱ የተረገጠ ነው፣ ፈታኞቹም ሰልችተውታል። ይሁን እንጂ ዳታው ይፋ የወጣ ዓመታዊ ሪፖርት ስለሆነ የማንንም ፊርማ አይጠብቅም፣ በሉሁ «በማን እጅ» ዓምድ ላይ ከአማካሪው በስተቀር ማንም አይኖርም። ይህ ተመረጠ። መጠይቅ ለመሥራት የፈለገ ሰው ደብዳቤውን ሳምንት 1 ላይ ካልጠየቀ ፋሲካ ሳይሰበስብ ይደርስበታል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ሰው ለማግኘት ሌላ ሳምንት ነው።

ፕሮፖዛሉ ሐሙስ ለአማካሪው ተሰጠ። ሉሁ ላይ «በእጁ 10 ቀን» ተብሎ ተያዘ። ለማንኛውም ረቂቅ የሚያዘው ቋሚ ግምት ይህ ነው፤ በ3 ቀን የሚመልስ አማካሪ ካለ ትርፍ ነው።

ሳምንት 3 (የካቲት 30)

የመውጫ ፈተናው ንባብ ተጀመረ። መነሻው ብሉፕሪንቱ ነው፤ እያንዳንዱ ኮርስ ከጥያቄዎቹ ስንቱን እንደሚይዝ የሚያሳየው ሠንጠረዥ። በሳምንት 14 ሰዓት ለ14 ሳምንት 196 ሰዓት ነው። ኮርሶቹ 15 ቢሆኑና እኩል ቢከፋፈሉ ለአንዱ 13 ሰዓት ይደርሰዋል። እኩል ማከፋፈል ግን ጊዜ ማባከን ነው። ሁለት ነገር ይታያል፦ የኮርሱ ድርሻ በብሉፕሪንቱ፣ እና ያለምንም ንባብ በኮርሱ 20 ጥያቄ ሲሠራ የሚገኘው ውጤት። ድርሻው ትልቅ፣ ውጤቱ ዝቅተኛ የሆነው 20 ሰዓት፤ ድርሻው ትንሽ፣ ውጤቱ ከ70 በላይ የሆነው 5 ሰዓት። ጥያቄ ሳይሠሩ «ይህን አውቀዋለሁ» ማለት አይሠራም፤ በተለይ ኦዲቲንግ ላይ። ሲነበብ ቀላል ይመስላል፣ አራቱ ምርጫዎች ግን ሁሉም ትክክል ይመስላሉ።

ቴሌግራም ላይ ከሚዞሩት የድሮ ጥያቄዎች ጋር አንድ ጥንቃቄ። የግብር ጥያቄዎቹ ያረጁ ናቸው። የደመወዝ ግብር ላይ «የመጀመሪያው 600 ብር ነፃ ነው» ብለው የሚነሱት ሁሉ በ2017 መጨረሻ ከወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ አሁን ከግብር ነፃ የሆነው 2,000 ብር ነው። የመልስ ቁልፉን አምኖ የሸመደደ ሰው የተሳሳተ ነገር ነው የሸመደደው። ጡረታው (7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው) ባለበት ነው። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ተሰብስበው በአዲሱ ተመን እንደገና ተሠሩ፤ ይህ ራሱ 3 ሰዓት ወሰደ፣ ግን ከንባብ ይሻላል።

ሳምንት 4 (መጋቢት 7)

ዒድ። የተያዘው የመውጫ ፈተና ሰዓት 14፣ የተሠራው 9። ባዶ የተተወው 3.4 ሰዓት አብሮ አለቀ። ምንም ወደሚቀጥለው ሳምንት አልተላለፈም፤ ይህ የዕቅዱ ደንብ ነው። ያልተሠራ ሰዓት ከተሸከሙት በ3 ሳምንት ውስጥ ዕዳው ከሚገኘው ሰዓት ይበልጣል። የተዘለለው ርዕስ ግን «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሳምንት 13 ላይ ይታያል።

ሳምንት 5 (መጋቢት 14)

ፕሮፖዛሉ ተመለሰ። አስተያየቱ፦ ዓላማዎቹ ይቀነሱ፣ ተለዋዋጮቹ 6 ይሁኑ። ዳታ ማስገባቱ ተጀመረ። 8 ባንክ × 10 ዓመት × 6 ተለዋዋጭ = 480 ቁጥር። አንዱ ሪፖርቱን ከፍቶ፣ ገጹን ፈልጎ፣ ለመጻፍ በአማካይ 2 ደቂቃ ቢወስድ 16 ሰዓት ነው። የቆዩት ሪፖርቶች ስካን የተደረጉ ሥዕሎች ስለሆኑ ኮፒ አይደረጉም፣ በእጅ ነው የሚገቡት።

እዚህ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው መለኪያው ነው። አንዱ ባንክ በብር፣ ሌላው በሺህ ብር ያትማል፤ ያው ባንክ ራሱ ከዓመት ዓመት ይቀይራል። ትርፍ ለሀብት ሲካፈል ሁለቱም በአንድ መለኪያ ከሆኑ ችግር የለውም፤ የባንኩን መጠን ለመለካት የሀብቱ ሎጋሪዝም ሲወሰድ ግን ይታያል። አንድ ዓመት ከጎረቤቱ ዓመት በ6.9 ዘሎ ከወረደ ባንኩ አልከሰረም፤ 1,000 ነው የተረሳው (የ1,000 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም 6.9 ነው)። ለዚህ እያንዳንዱ ባንክ መስመር ግራፍ ላይ ይታይ፤ የተሰበረ መስመር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የሒሳብ አያያዝ ሥርዓቱ ነው። ባንኮቹ ወደ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) የተሻገሩት በ2010 ገደማ ስለሆነ የ10 ዓመቱ ተከታታይ በመካከሉ ይቆረጣል። የብድር ኪሳራ መጠባበቂያው ከዚያ በፊትና በኋላ በአንድ መንገድ አልተሰላም። ከሽግግሩ በፊት 0፣ በኋላ 1 የሚል ተለዋዋጭ ተጨመረ። ዲፌንስ (ጥናቱ በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት) ላይ ይህን የሚጠይቅ ፈታኝ አይጠፋም፤ ያልተጠየቀ ተማሪ ዕድለኛ ነው።

ሳምንት 6 (መጋቢት 21)

ሚድ። ከ4ቱ ኮርሶች 3ቱ በዚህ ሳምንት ተደራረቡ። አስቀድሞ ይጠበቅ ነበር፤ መምህራኑ ሁሉ ከፋሲካ በፊት መጨረስ ይፈልጋሉ። የመውጫ ፈተናው ሰዓት ወደ 4 ወረደ፣ ፒችትሪና ማመልከቻ ዜሮ፣ ስፖርት ባለበት ቀጠለ። ስፖርቱ የሚቆረጥ የሚመስለው ሰው አለ፤ በሳምንት 3 ሰዓት ስለሆነ ቢቆረጥ የሚያስገኘው ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም፣ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ደግሞ እስከ ሰኔ አይመለስም።

ምዕራፍ 2 ለአማካሪው የተሰጠው በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው፣ ሆን ተብሎ። አማካሪው የሚያነብበት 10 ቀን ከሕማማትና ከፋሲካ ጋር ይገጥማል፤ ተማሪው በሌለበት ጊዜ ሥራው በሌላ እጅ መቀመጥ አለበት። ረቂቅን ይዞ አገር ቤት መሄድና ከበዓል በኋላ መስጠት ሦስት ሳምንት ያስከፍላል።

ሳምንት 7 እና 8 (መጋቢት 28 እና ሚያዝያ 5)

ጉዞ። ትራንስፖርት ከስቅለት በፊት ባሉት ቀናት ስለሚወደድ መነሻው ማክሰኞ ሆነ። ለደርሶ መልስ 1,600 ብር ተይዟል። ላፕቶፕ አልተወሰደም፤ የታተመ ማስታወሻና 60 የመንግሥት ሒሳብ አያያዝ ጥያቄ ብቻ። በዓል ላይ ከዚህ የበለጠ የሚያነብ ሰው ዕቅዱ ውስጥ ሳይሆን ሕልም ውስጥ ነው።

ቤት የሚሠራው ዋናው ሥራ ወረቀት መሰብሰብ ነው። የ8ኛ፣ የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያለቀበት የቀበሌ መታወቂያ ካለ እድሳት፣ ፋይዳ ያልወሰደ ካለ ምዝገባ። ሰኔ ላይ ሥራ ሲገኝ «ካርዴ ያለው አገር ቤት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዋናው ይምጣ፤ ኮፒው በስልክ ስካን ተደርጎ አንድ ፎልደር ውስጥ ይግባ፣ የፋይሉ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይልን አንዳንድ የማመልከቻ ገጾች አይቀበሉም።

ሳምንት 8 ከረቡዕ ጀምሮ ነው የተያዘው። ሰኞና ማክሰኞ ክፍል እንደማይኖር ተገምቶ ባዶ ነበር፤ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ድረስ የማይመለስ ተማሪም መምህርም አለ።

ሳምንት 9 (ሚያዝያ 12)

ፒችትሪ በእውነት የተጀመረው አሁን ነው። ሶፍትዌሩ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፣ ማስታወቂያዎች ግን አሁንም ፒችትሪ ይሉታል፤ ሲቪ ላይ ሁለቱም ይጻፋሉ። የማሠልጠኛ ማዕከል ክፍያ ከባጀቱ ስለሚበልጥ በራስ መለማመድ ተመረጠ፤ 35 ሰዓት በቂ ነው ተብሎ ተገምቷል። ለ7 ሳምንት በሳምንት 5።

ልምምዱ አንድ ምናባዊ ድርጅት ነው፦ ጽሕፈት መሣሪያ አስመጥቶ የሚሸጥ፣ ተእታ (ተጨማሪ እሴት ታክስ) ተመዝጋቢ፣ 4 ሠራተኛ። ቅደም ተከተሉ፦ ድርጅቱን መክፈት፣ የሒሳብ መዝገብ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ መነሻ ሚዛን ማስገባት፣ ደንበኛና አቅራቢ መመዝገብ፣ ግዢ፣ ሽያጭ፣ 15 በመቶ ተእታ፣ ደመወዝ፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ ወር መዝጋት። የሚበላሸው መነሻ ሚዛኑ ላይ ነው። ድምሩ ካልገጠመ ሶፍትዌሩ ልዩነቱን በራሱ የካፒታል መዝገብ ውስጥ ከትቶ ይቀጥላል፤ ጀማሪው ገጠመ ብሎ ያልፋል፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁጥር ያገኛል። መነሻ ሚዛኑ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይመታ፣ ገጥሞ ከተገኘ በኋላ ይግባ። ሁለተኛው የሒሳብ ዘመን ነው፤ ሶፍትዌሩ በራሱ ከጃንዋሪ ይጀምራል። የኛ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ድርጅቱ ሲከፈት ካልተስተካከለ በኋላ ማረም ከባድ ነው፣ ሌላ ድርጅት መክፈት ይቀላል።

ሳምንት 10 እና 11 (ሚያዝያ 19 እና 26)

ሁለት የተቆረጡ ሳምንቶች፤ ዓርብና ማክሰኞ በዓል ናቸው። ምዕራፍ 2 ተመልሶ መጥቷል፣ ምዕራፍ 3 ተሰጥቷል። ሪግሬሽኑ (ተለዋዋጮቹ ከትርፋማነት ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚለካው ስሌት) ተሠራ። ከ6ቱ ተለዋዋጮች የ2ቱ ምልክት ከተጠበቀው ተቃራኒ ወጣ። ምልክቱ እንዲገለበጥ ባንክ እየጣሉ መሞከር የሚያጓጓ ነው፤ ጊዜ ይበላል፣ ዲፌንስ ላይም ይጋለጣል። ባለበት ተተወ፣ ምክንያቱ ምዕራፍ 4 ላይ በሁለት አንቀጽ ተጻፈ።

የሥራ ማመልከቻው 3 ሰዓት እንዲህ ተከፈለ፦ ረቡዕና እሑድ የሚወጣውን ሪፖርተር ማየት 1 ሰዓት፣ የቴሌግራም የሥራ ቻናሎች 30 ደቂቃ፣ ቀሪው ማዘጋጀት። «0 ዓመት» የሚሉት ብቻ ይመዘገባሉ። አብዛኛው ማስታወቂያ ጊዜያዊ ዲግሪ ስለሚጠይቅ እስከ ሰኔ ማመልከት የሚቻለው ተመራቂዎችን እንደሚቀበል በግልጽ ለጻፈው ነው። ቀሪው በሉሁ ላይ እንደ መረጃ ይቀመጣል፦ የትኛው ድርጅት፣ ምን ዓይነት መደብ፣ የጠየቀው ሲጂፒኤ፣ በአካል ወይስ በኢሜይል፣ ስንት ቀን ሰጠ። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 የሥራ ቀናት» የሚለው እሑድ ከወጣ ሁለተኛው ሰኞ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ቅዳሜን የሥራ ቀን የማይቆጥሩ ከሆነ ማክሰኞ። በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ማስገባት ነው።

ሳምንት 12 (ግንቦት 3)

ምዕራፍ 4 በአማካሪው እጅ። በራስ እጅ ያለው የመውጫ ፈተና ብቻ ስለሆነ ሰዓቱ ከ14 ወደ 20 ተነሣ። ፒችትሪ ወደ 3 ወረደ።

ሳምንት 13 (ግንቦት 10)

ሞዴል ፈተና። ከዚህ በፊት ጥያቄ የተሠራው ሁሉ በወረቀትና በስልክ ነበር፤ ፈተናው ግን በኮምፒውተር ነው። 100 ጥያቄ በአንድ መቀመጫ፣ ያለ ስልክ፣ በስክሪን ላይ መሥራት የተለየ ድካም አለው። የሒሳብ ጥያቄዎቹን ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲገለብጡ ቁጥር የሚዘሉ ይበዛሉ፤ አሃዙን ደግሞ ማየት ልምድ መሆን አለበት።

ውጤቱ በኮርስ ተተነተነ። በጥቅል 61 ያገኘ ሰው አልፌአለሁ ብሎ ቢቀመጥ አይበጅም፤ ከ50 በላይ ያለው ትርፍ 11 ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከየት እንደመጣም ማየት ያስፈልጋል። «ቀሪ» ተብለው ከሳምንት 4 ጀምሮ የተመዘገቡት ርዕሶች ከሞዴሉ ስህተቶች ጋር ጎን ለጎን ተደረጉ። በሁለቱም ላይ የታዩት ብቻ ተነበቡ፣ ሌላው ተሰረዘ። የንባቡ ማብቂያ ግንቦት 30 ሆኖ ተያዘ፤ የፈተናው ቀን ሰኔ ውስጥ ወዲህም ወዲያም ቢል ዕቅዱ አይነካም።

ሳምንት 14 (ግንቦት 17)

ዒድ አልአድሐ። የጥናቱ ሙሉ ረቂቅ ገባ። የአማካሪው 10 ቀን ከዲፌንሱ ቀን በፊት በ2 ቀን ያልቃል። ጠባብ ነው፤ ሳምንት 10 ላይ የጠፋው ቀን እዚህ ነው የታየው። ስላይዱ ረቂቁ ሳይመለስ ተሠራ፣ 12 ገጽ፣ ከዚያ በላይ የሚያስጨርስ ፈታኝ የለም።

ሳምንት 15 (ግንቦት 24)

ኅትመት። 60 ገጽ፣ 3 ቅጂ፣ 180 ገጽ በ5 ብር 900 ብር። ጥረዛ 450። ከዚህ በፊት ለሁለት ዙር ረቂቅ 600 ወጥቷል። ረቂቁን በሶፍት ኮፒ የሚያነብ አማካሪ ቢሆን 600ው ይቀር ነበር፤ ሳምንት 2 ላይ መጠየቅ ነው። የመጨረሻው ኅትመት ፒዲኤፍ ይሁን፤ በዎርድ የተሰጠ ፋይል በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሠንጠረዦቹ ይፈርሳሉ፣ ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥር ይዛባል፣ የአማርኛ ፊደል ካለበት ሳጥን ይሆናል።

የሴሚስተሩ ጠቅላላ ወጪ፦ ኅትመትና ጥረዛ 1,950፣ የማመልከቻ ኮፒ 300፣ ጉዞ 1,600፣ ኢንተርኔት በወር 500 ለ4 ወር 2,000። ድምር 5,850 ብር። ለኮፒ የተያዘው 300 አይበቃም፤ ትራንስክሪፕት ሁለት ገጽ መሆኑ ሳይታሰብ ነው የተሰላው።

ሳምንት 16 (ሰኔ 1)

ፋይናል ሳይጀመር ክሊራንስ ቅጹ (ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው ዕዳ ነፃ መሆኑ የሚፈረምበት) ተወሰደ። የሚፈርሙት፦ ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት መምሪያ፣ ዲፓርትመንት፣ ፋይናንስ፣ ሬጅስትራር። ሰባት እጅ። ቅደም ተከተሉ አይዘለልም፣ ላይብረሪ ያልፈረመበትን ሬጅስትራር አይቀበልም። ተመራቂው ሁሉ ከፈተና ማግስት ስለሚሰለፍ በተቻለ መጠን ላይብረሪና ስፖርት መምሪያ በፈተናው መካከል ባሉ ክፍት ቀናት ይለቁ። መጽሐፍ የጠፋበት ሰው ተመሳሳዩን ገዝቶ ለመተካት ጊዜ ያስፈልገዋል። የወጪ መጋራት ውሉ ላይ ያለው ስም ከፋይዳውና ከ12ኛ ክፍል ካርዱ ጋር በፊደል ደረጃ መመሳሰሉ አሁን ይረጋገጥ፤ የአያት ስም በእንግሊዝኛ በአንዱ ላይ በሁለት ኤስ፣ በሌላው በአንድ ኤስ ከተጻፈ ጊዜያዊ ዲግሪው ላይ ከመታተሙ በፊት ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ከታተመ በኋላ ግን ማመልከቻ፣ ማስረጃና ክፍያ ያለው ሌላ ሰልፍ ይሆናል።

ሉሁ ላይ ያልተዘጉ ረድፎች፦ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ጊዜያዊ ዲግሪ። ሦስቱም «በማን እጅ» ሥር የተማሪው ስም የለባቸውም። በራስ እጅ የቀረው የፒችትሪው የመጨረሻ 6 ሰዓት (ባንክ ማስታረቂያና ወር መዝጋት) እና መንጃ ፈቃድ ነው፤ ሁለቱም ወደ ሐምሌ ሉህ ተዛውረዋል።